ከሰርጉ ቪዲዮ የቆረጥኩት ሰው

ዲቪዲ ሽታ አለው ብል ልጆቼ ይስቁብኛል። ግን አለው። ብዙ ዓመት ቁም ሳጥን ላይ የከረመ ዲስክ ከማህደሩ ሲወጣ እርጥበት የነካው ወረቀት፣ የማርከር ቀለምና የደረቀ ሙጫ ተደባልቀው የራሳቸው ሽታ ይኖራቸዋል። ብስራተ ገብርኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ቤቴ፣ ወደ መንገዱ በምትከፈተው ክፍል ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሚቀበለኝ ይሄው ሽታ ነው። ሰዎች የሰርጋቸውን፣ የልጃቸውን ክርስትና፣ የምርቃታቸውን ዲቪዲ ያመጡልኛል፤ እኔ ወደ ኮምፒውተር ፋይል ቀይሬ በፍላሽ እመልስላቸዋለሁ። ዛሬ ዲቪዲ ማጫወቻ ያለው ቤት ብርቅ ሆኗል፤ አዲሶቹ ላፕቶፖችም የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም። ዲስኮቹም ራሳቸው እያለቁ ነው። ወደ መስኮት አንስቼ ሳያቸው ጀርባቸው እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ፀሐይ የሚያሳልፉ አሉ።

ሥራውን ያስተማረችኝ ትልቋ ልጄ ናት። አንድ ቅዳሜ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ሶፍትዌሩ የሚጠይቀውን ሁሉ አንድ በአንድ አሳየችኝ። ፋይሉ ምን ያህል ይተልቅ? ካሳነስከው በስልክ ይላካል፤ ነገር ግን የሰው ፊት የሳሙና ቅብ መስሎ ይቀራል። ሰው ሲጨፍር እጁ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚታየው መስመር ይጥፋ ወይስ ይቆይ? ሥዕሉስ በድሮው ልኩ ይሁን ወይስ የአሁኑን ሰፊ ቴሌቪዥን ይሙላ? የድሮው ቴሌቪዥን አራት ማዕዘን ነበር። በልኩ ከተውከው ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል፤ ደንበኛ ደግሞ ጥቁሩን አይወድም፣ «ጋሼ ተቆርጧል» ይልሃል። ስለዚህ ወደ ጎን መለጠጥ ለመድኩ። የተለጠጠ ሰው ወፈር፣ ጉንጩ ሞላ ብሎ ይወጣል። በዚህ ቅር ያለው ሰው አላጋጠመኝም።

እነዚህን ቪዲዮዎች የሠራሁት አብዛኞቹን እኔው ራሴ ነኝ። ያኔ ሱቄ መካኒሳ ነበረች፤ ወደ ቆሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በዳቦ ቤትና በጫማ ጠጋኝ መካከል የተሸጎጠች። አሁን መንገዱ ሰፍቶ ሱቄ የነበረችበት ቦታ ላይ መብራት የተተከለበት የእግረኛ መንገድ አለ። እዚያ ስደርስ ሁሌ እግሬ ይዘገያል። ዳቦ በሳንቲም የሚገዛበት ዘመን ነበር፤ ከመካኒሳ ሜክሲኮ ታክሲውም ብር አይሞላም። ውድ የነበረው ባዶው ዲስክ ነው፤ አንድ ሲበላሽብኝ የአንድ ቀን ምሳዬን ያጣሁ ያህል ይቆጨኝ ነበር። ሙሽሮቹ ትከሻው የሰፋ ባለ ሦስት ቁልፍ ኮት ይለብሳሉ። ሚዜዎቹ ወይን ጠጅ ሳቲን፣ ፀጉራቸው በቢጉዲን ተጠቅልሎ የወረደ፣ አንገታቸው ላይ የሚያብለጨልጭ ዱቄት። ድንኳኑ ውስጥ ኪቦርድ የሚመታ ሰው ይኖራል፤ አንዱን ምት ለሁሉም ዘፈን ያደርገዋል፣ የሚከፋው ግን የለም። እኔ ካሜራ ትከሻዬ ላይ፣ መብራቱ ካሜራው ላይ። መብራቱ ከማቃጠሉ የተነሳ የሙሽሮች ላብ በዱቄታቸው ላይ መንገድ እያበጀ ሲወርድ ይታየኛል። ሱቅ ገብቼ ደግሞ ልብ፣ ርግብና የሚወርድ አበባ እየጨመርኩ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። መቁረጥ ላይ እጄ የተባረከ ነው ይሉኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ የክረምቱ መግቢያ ላይ፣ አንዲት ሴት መጣች። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ጥቁር የለበሰች፣ ጥላዋን በር ላይ አራግፋ የገባች። አላወቅኋትም። አባቷ ሞቶ አርባው በቅርቡ መውጣቱን ነገረችኝና ከቦርሳዋ አንድ ዲቪዲ አወጣች።

«የሰርጌ ነው» አለች። «ከአባዬ ሣጥን ውስጥ ነው ያገኘሁት። የእኔው በደንብ ሳላየው ድሮ ጠፍቶብኛል።»

ሽፋኑ ላይ ያለውን አበባ ስመለከት የእኔ ሥራ እንደሆነ አወቅሁ። ዲስኩን አስገብቼ ሥዕሉ ሲመጣ ደግሞ ሙሽራዋን አወቅኋት። ሰናይት ነበረች፤ የአቶ በየነ ልጅ። አቶ በየነ ያኔ መካኒሳ ይኖሩ የነበሩ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ ዝናብ ይዝነብ ፀሐይ ይውጣ ክራቫት ሳያስሩ የማይወጡ ሰው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ቀስ ብለው ይዩልኝ። ወንድሜን እፈልጋለሁ። ዳዊት ይባላል፤ ሰርጌ ላይ ነበረ። እጁን ይዤ አብሬው ጨፍሬያለሁ። ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አየሁት፤ የለም። እማዬን ስጠይቃት ‹እንጃ› ትለኛለች። ሰው እኮ ያልሆነ ነገር ማስታወስ ይችላል አይደል? ሕልም ይሆን እንዴ እያልኩ ነው።»

«ፎቶውስ?» አልኳት።

«የስምንተኛ ክፍል ፎቶ ብቻ ነው ያለኝ። ድምፁ ከጠፋብኝ ቆይቷል።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። «ካሜራው አላገኘውም ይሆናል፤ ሰው ብዙ ነበር» አልኳት። ዋሸኋት። እሷም ራሷን ነቀነቀችና ዲስኩን ትታልኝ ወጣች።

ከሄደች በኋላ ቪዲዮውን ብቻዬን አየሁት። ሰናይት በቬሎዋ መሃል ገብታ እየጨፈረች ነው። አንድ ሰው አይታ ፊቷ በራ፤ ቀኝ እጇን ዘረጋች። እጇ እንደተዘረጋ ርግብ በስክሪኑ ላይ አለፈችና ኬክ መጣ። ያቺን ርግብ ያበረርኳት እኔ ነኝ። ወደ ኋላ መልሼ ደጋግሜ ሳየው፣ ከኬኩ በፊት፣ በሥዕሉ ጠርዝ ላይ፣ ያኔ ዓይኔ የሳተው አንድ የቡናማ ኮት እጅጌ አለ። አስወጥቼው እንኳ እጁ በር ላይ ቀርቶ ነበር።

ዳዊትን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ከሰናይት በሁለት ዓመት ይበልጣል። ከመታመሙ በፊት ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ሱቄ በር ላይ አቁሞ ሙዚቃ የሚያስቀዳ፣ ሲስቅ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ልጅ። ከዚያ ጠፋ። ላፍቶ ቤት ተከራየ አሉ። መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው ሳይዳረስ በፊት ነው። በሽታውን ማንም በስሙ አይጠራውም፤ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «ያ ነገር» ይባላል፣ ሰውየው በሕይወት እያለም «ነበር» ተብሎ ይወራለታል።

የሰርጉ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። በዚያ ሙቀት ያንን ቡናማ ኮት ደርቧል፤ ኮቱ የድሮው ዳዊት ልክ ነው፣ አሁን ያለው ዳዊት ግን ግማሹን እንኳ አይሞላውም። ወንበር ላይ ሲቀመጥ ግራና ቀኙ ያሉት ሰዎች ምክንያት እየፈለጉ ተነሡ። ሰናይት ግን ከመሃል ሆና አየችው፣ ሄዳ እጁን ይዛ ጎተተችው፣ ጉንጩን ሳመችው፣ አብረው ጨፈሩ። እኔ እየቀረጽኩ ነበር። ከዚያ እንደ ደንቡ ድምፅ ወደ ካሜራው ብቻ የሚያስገባውን ማይክ ይዤ ለሙሽሮች መልካም ምኞት የሚናገሩትን ስቀርጽ እሱም እጁን ዘረጋ፤ ሰጠሁት፤ ተናገረ። ሲመልስልኝ በመሃረብ ተቀበልኩት። ቆይቼ ከድንኳኑ ጀርባ ማይኩን በአልኮል ጠረግኩት። ይህን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም።

በሳምንቱ አቶ በየነ ጠዋት ሱቅ መጡ። በሩን ከኋላቸው ገርበብ አደረጉት።

«ተፈራ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው የመጣሁት።»

«ይዘዙኝ ጋሽ በየነ።»

«ልጁን አውጣልኝ።»

«የቱን ልጅ?»

«ዳዊትን። ከቪዲዮው ላይ።» ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «የሙሽራው ወገን ሰርጉ ላይ በግርግሩ ቢያልፉትም፣ ይሄን እየተቀባበሉ ማየታቸው አይቀርም። ቤቱ ውስጥ ያ ነገር አለ ብለው ልጅቷን ቢመልሱብኝስ? እሱን ማዳን አልቻልኩም፤ የማይቀረው ሲመጣ አለቅሳለሁ። የምትኖረውን ላትርፍ።»

ስድብም ቁጣም አልነበረባቸውም። እኔም «እሺ» አልኩ። እሺ ያልኩት አዝኜላቸው ይሁን ወይስ እኔም እንደሳቸው ፈርቼ፣ ዛሬም መለየት ያቅተኛል። ዳዊት በዚያው ክረምት፣ በተከራያት ክፍል ውስጥ አረፈ።

የቆረጥኩትን የመጣል ልማድ አልነበረኝም። ሰው ቪዲዮውን ከወሰደ በኋላ «አክስቴ የለችም፣ አጎቴ የለም» ብሎ ስለሚመለስ የወጣውን ሁሉ በሌላ ዲስክ ላይ እገለብጥና «ቁርጥራጭ» ብዬ እጽፍበታለሁ። ሱቋ ስትፈርስ ካርቶኖቹን ቤት አምጥቼ ነበር። ሰናይት በመጣች ማግስት አወረድኳቸው። ሦስተኛው ካርቶን ውስጥ፣ በእኔው የእጅ ጽሑፍ፣ «ቁርጥራጭ፣ የጋሽ በየነ ሰርግ» የሚል ዲስክ አገኘሁ። ሳገኘው ደስ አላለኝም። ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ የሚል ሐሳብ ልቤ ውስጥ አልፎ ነበር።

ዲስኩ ዳሩ ላይ ሻግቷል። በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጠረግኩትና አስገባሁት። ማጫወቻው እንደ ታመመ ሰው አቃሰተና ቆመ። ሶፍትዌሩ ጠየቀኝ፤ የተበላሸውን ቦታ ዘልለን እንለፍ ወይስ እየደጋገምን እንሞክር? ለሌላ ደንበኛ ቢሆን ዝለል እለው ነበር። አሁን ግን ዝለል የሚለውን መጫን እንደገና መቁረጥ መሰለኝ። ሞክር አልኩት። ሁለት ቀን ፈጀ። እየደጋገመ ያነባል፣ ይቆማል፣ አውጥቼ አቀዘቅዘዋለሁ፣ እንደገና። ልጄ ደውላ «አባዬ፣ ሌንሱ ይቃጠልብሃል፣ ተወው» አለችኝ። አልተውኩትም። በሁለተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ወጣ። የቀረው ጠፍቷል።

መጀመሪያ እንደለመድኩት ለጥጬ አየሁት። ዳዊት ወፍሮ መጣ። ጉንጩ ሞልቶ፣ ትከሻው ኮቱን ሞልቶ፣ ልክ ታክሲውን ሱቄ በር ላይ ያቆም የነበረው ዳዊት። ከዚያ ወደ ልኩ መለስኩት፤ ጉንጩ ጎደጎደ፣ አንገቱ ቀጠነ፣ ኮቱ ተንጠለጠለ። አንዲት ቁልፍ በመጫን ሰውየውን ማዳንም መልሶ ማሳመምም የምችል ሆንኩ። ቀጥሎ ድምፁ መጣ። ምን እንዳለ አውቅ ነበር። ያኔም ስቆርጠው ሰምቼዋለሁ፤ ለዓመታት ግን አልሰማሁም ብዬ ራሴን አሳምኜ ኖሬያለሁ።

ለሰናይት ደወልኩ። በማግስቱ ከሰዓት መጣች። ወንበሬን ለቀቅሁላትና አጠገቧ ቆምኩ። የተለጠጠውን ነው መጀመሪያ ያሳየኋት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ምናልባት ላሳርፋት ፈልጌ ይሆናል። እጇን አፏ ላይ ጭና አየችው።

«የዳነ ይመስላል» አለች ቆይታ። «እንዲህ ወፍራም አልነበረም ግን። ነበር እንዴ?»

«አልነበረም። ለጥጬው ነው። ልኩ ሌላ ነው።»

«ልኩን ያሳዩኝ።»

አሳየኋት። ስትስመው የሚታይበት ቦታ ላይ ሲደርስ አስቆመችኝ።

«በልኩ ይስጡኝ» አለች። «ሰው የፈራው ይሄን ነው። እኔ የሳምኩትም ይሄን ነው።»

ከዚያ የመልካም ምኞቱ ቦታ መጣ። ዳዊት ማይኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ መብራቱ ዓይኑን እየወጋው፣ ትንሽ ፈገግ አለ። «ሰኒዬ» አለ፣ «እንኳን ደስ አለሽ። ሳልጠራ ነው የመጣሁት። አባዬ ስላልጠራኝ እንዳትቀየሚው። ጠልቶኝ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። እኔም እሱን ብሆን እፈራ ነበር። እባክሽ፣ ከእሱ ጋር እንዳትጣዪ።» ከዚያ ሥዕሉ ተሰባብሮ አለቀ።

ሰናይት አላለቀሰችም። ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

«ማነው ያወጣው?»

«እኔ ነኝ።»

«አባዬ አዞዎት ነው?»

«አባትሽ ለመኑኝ። ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ። ይሄን ቃሉን ሰምቼ ነው ያወጣሁት። አባትሽ አልሰሙትም፤ ላሰማቸው እችል ነበር።»

«ዳዊት ሲሞት አባዬን ‹ልጅህን አውጥተህ ጥለህ ገደልከው› አልኩት» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም። ስንት ጊዜ ሰው ላከ፤ አልመጣሁም። የመጣሁት ሬሳው ሲወጣ ነው። ተቀይሜው ቀበርኩት፣ ጋሽ ተፈራ።»

«ይቅር በይኝ» ማለት ፈልጌ ነበር፤ ቃሉ ግን አነሰብኝና አፌ ውስጥ ቀረ። ፍላሹን ሰጠኋት። ሒሳብ ስትጠይቀኝ እጄን አወዛወዝኩ። ጥላዋን ረስታ ወጣች፤ ዝናቡ ላይ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከበዱኝ። የሌላ ሰው ዲስክ በገባ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ቁርጡ ላይ ሆነ። ርግብ ስትበር፣ አበባ ሲወርድ፣ ልብ ሲከፈት፣ ከኋላው ማን ነበር? እላለሁ። ሰክሮ የወደቀ አጎት፣ ሳትጠራ የመጣች የድሮ እጮኛ፣ ያረገዘች ሚዜ። «ጋሽ ተፈራ፣ ይቺን አውጣልን» ሲሉኝ አወጣሁ። መካኒሳ ሙሉውን እንደዚያ አሳምሬ ቆርጬዋለሁ። በመንገድ ስሄድ ያስወጣኋቸው ሁሉ ዳርና ዳር ቆመው የሚያዩኝ ይመስለኝ ጀመር።

በሁለተኛው ሳምንት ሰናይት ደወለች። «እማዬ ትፈልግዎታለች» አለች፣ ሌላ ቃል ሳትጨምር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ታክሲ ይዤ ሀና ማርያም ወረድኩ። ቤተሰቡ ከመካኒሳ ከለቀቀ ቆይቷል። እናቷን እትዬ አስካለን ሰማንያ ያለፋቸው፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ ከሶፋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው የተቀመጡ ሴት ሆነው አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «ልጄ ሁሉንም ነገረችኝ። ኃጢአቱን ብቻህን ተሸክመህ እንዳትዞር ብዬ ነው ያስጠራሁህ።»

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ...»

«ስማኝ። በየነ ሱቅህ የመጣ ቀን ጠዋት ክራቫቱን ሲያስር የት እንደሚሄድ አውቄያለሁ። ነጠላዬን አንስቼ ልከተለው ተነሣሁ። ደጅ ደረስኩና ተመለስኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።» መዳፋቸውን ሶፋው ላይ አሳረፉ። «ሰናይት ‹ዳዊት ሰርጌ ላይ ነበር ወይ› ስትለኝ ‹እንጃ› እላታለሁ። እናት ሆኜ፣ የወለድኩትን፣ እንጃ።»

ሰናይት ፍላሹን ግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን ሰካች። ሥዕሉ በልኩ፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መጣ። እትዬ አስካለ ዓይናቸው ደክሟል፤ ተነሥተው ቴሌቪዥኑ ሥር ቆሙ። ዳዊት ሲጨፍር አላለቀሱም። «አባዬን እንዳትቀየሚው» ሲል ግን በሌባ ጣታቸው ስክሪኑን፣ ጎድጓዳ ጉንጩ ላይ፣ ነኩት። ሲያልቅ ወደ ሶፋቸው ተመለሱ። ውጪ የጎረቤት ሕፃን ያለቅሳል።

«ሰናይት» አሉ።

«እመት።»

«ሂጂ ጎረቤት ጥሪልኝ።»

«ማንን ልጥራ?»

«ያለውን ሁሉ።»

ሰናይት ለአፍታ አየቻቸው፣ ከዚያ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ሰዎች መግባት ጀመሩ። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ ነጠላ የለበሱ ሴቶች፣ አንዲት ሂጃብ ያደረገች ባለ ሱቅ፣ ሱሪው ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት ግንበኛ። ወንበር ስላልበቃ ተነሥቼ ግድግዳ ተደገፍኩ። ሁሉም ለቅሶ መስሏቸው ዝም ብለው ነው የገቡት። እትዬ አስካለ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፤ ከፈትኩት። ያ ቀጭን ሰው በሰፊው ኮቱ ወደ መሃል ሲገባ ባለ ሱቋ ጎንበስ ብላ ጠየቀች።

«እማማ፣ ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«የእኔ ነው» አሉ እትዬ አስካለ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በር ላይ የቆሙትም እንዲሰሙ። «ዳዊት ይባላል። ያ በሽታ ይዞት ነበር። እንደዚያ ሆኖ ለእህቱ ሰርግ መጣ።»

አንዷ ሴት የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። ግንበኛው ቆቡን አወለቀ። ሰናይት ከእናቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የቬሎዋን ብርሃን ፊቷ ላይ አየሁት።

«ተፈራ» አሉኝ እትዬ አስካለ፣ «ኋላ የገቡት አላዩትም። ከመጀመሪያው ጀምረው።»

ከመጀመሪያው ጀመርኩት።